የጋብቻ መታሰቢያ በምን ይጸናል?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰው የሚወደውን ነገር ጊዜ እንዳይወስድበት የሚፈራ ፍጥረት ነው። ስለዚህ ከጥንት ጀምሮ ፍቅሩን በድንጋይ ሲቀርጽ፥ በብራና ሲጽፍ፥ በቀለበት ሲያትም፥ ይህም ቢቀር በዛፍ ቅርፊት ላይ በጩቤ ሲጭር ኖሯል። ነገር ግን ድንጋዩ ይሰነጠቃል፤ ብራናውን ብል ይበላዋል፤ ቀለበቱ ይጠፋል፤ ዛፉም ይቈረጣል። በዚህ በእኛ ዘመን ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ ይጸናል የተባለ አዲስ መዝገብ ተገኝቷል፤ ስሙም ብሎክቼይን ይባላል፤ በቋንቋችን የሰንሰለት መዝገብ ብንለው ያስኬዳል። ፍቅራቸውንና ጋብቻቸውን በዚህ መዝገብ የሚያጽፉ ሰዎች በዓለም ላይ ከተነሡ ከ10 ዓመት በላይ ሆኗል። እኛም ይህ መዝገብ ምን እንደ ሆነ፥ ለጋብቻ መታሰቢያነት ምን እንደሚጠቅም፥ ሊያደርገው የማይችለውም ምን እንደ ሆነ፥ በዚህ ጽሑፍ እንደ አቅማችን ልንመረምር እንወዳለን።

ይህን እንድንጽፍ ያነሣሣን አንድ ጥያቄ ነው። በአርሲ በጀጁ ወረዳ በአርቦዬ ተወልዶ ያደገ፥ አሁን በውጭ አገር በሥራ የሚኖር አንድ ወጣት ከአገሩ ልጅ ጋራ በሥርዓተ ተክሊል ሊጋባ ተዘጋጅቶ ሳለ፥ የሥራ ጓደኞቹ የሰርግ ስጦታ ይሆነው ዘንድ የሁለቱን ስም፥ የተጋቡበትን ቀንና የቀለበታቸውን ሥዕል በዚህ መዝገብ ሊያስጽፉለት ቃል ገቡለት። ወጣቱም ደስ ብሎት ነገሩን ለአባቱ በስልክ ሲያስረዳ፥ «አባባ፥ ይህ መዝገብ ማንም ሊፍቀው፥ ማንም ሊቀደው አይችልም» አላቸው። አባቱ ከ40 ዓመት በላይ በትዳር የኖሩ ገበሬ ናቸው፤ የእርሳቸው የሰማንያ ወረቀት ጣራ ሲያፈስ በሳጥን ውስጥ ረጥቦ ከጠፋ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ፥ «መልካም ነው ልጄ፤ የተጣላችሁ ለት ግን ያስታርቃችኋል ወይ?» ብለው ጠየቁት። ወጣቱም መልስ ስላጣ ጥያቄውን ወደ እኛ አመጣው። እኛም ጥያቄው የአንድ ቤት ብቻ አለመሆኑን ስላየን፥ ለካህናትም ለምእመናንም እንዲሆን በጽሑፍ ልንመልሰው ወደድን።

አስቀድሞ የነገሩን ጠባይ መረዳት ይገባል፤ ያላወቁትን ነገር ማመስገንም መንቀፍም ስሕተት ነውና። አንድ የሰንበቴ ማኅበር መዝገብ አለው እንበል። መዝገቡ አንድ ብቻ ሆኖ በጸሐፊው እጅ ቢቀመጥ፥ ጸሐፊው ክፉ ቢሆን ሊሰርዝበት፥ ቤቱ ቢቃጠልም ሊጠፋ ይችላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ማኅበርተኛ የመዝገቡን ሙሉ ግልባጭ በቤቱ ቢያኖር፥ አዲስ ገጽ በተጻፈ ቊጥር ሁሉም ተስማምተው በየግልባጫቸው ቢያሰፍሩት፥ በእያንዳንዱም ገጽ ራስጌ የቀደመው ገጽ ማኅተም ቢታተምበት፥ አንድ ሰው በስውር አንዲት ቃል ቢለውጥ ማኅተሙ ከሚቀጥለው ገጽ ጋራ አልስማማ ይላል፤ የሌሎቹም ግልባጭ ይመሰክርበታል። ብሎክቼይን ማለት ይህ ነው፤ ልዩነቱ ማኅበርተኞቹ በዓለም ሁሉ የተበተኑ ብዙ ኮምፒውተሮች መሆናቸው፥ ማኅተሙም በሒሳብ ስሌት የሚወጣ ረጅም ቊጥር መሆኑ ነው። ይህንንም ያስተዋወቀው ሳቶሺ ናካሞቶ በሚል ስም የወጣ ጽሑፍ ነው፤ ጽሑፉ በጥቅምት 2001 ዓ.ም. ወጣ፤ ቢትኮይን የተባለው ገንዘብ የመጀመሪያ ገጽም በዚያው ዓመት በታኅሣሥ 25 ቀን ተጻፈ። የታሰበውም ለፍቅር ሳይሆን ለገንዘብ ነው፤ ይህም ማለት የማይተዋወቁና የማይተማመኑ ሰዎች ባንክ በመካከላቸው ሳይገባ ገንዘብ እንዲላላኩበት ነው። አንባቢ ይህን ነገር በልቡ ይያዝልን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

የገንዘቡ መዝገብ የጋብቻ መዝገብ ለመሆን ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም። በመስከረም 25 ቀን 2007 ዓ.ም. በአሜሪካ በፍሎሪዳ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ስለ ቢትኮይን በተደረገ ጉባኤ ላይ ተጋብተው ጋብቻቸውን በዚያው መዝገብ አስጻፉ፤ በዚህ ዐይነት መዝገብ የሰፈረ የመጀመሪያው ጋብቻ ነው ተብሎም በየጋዜጣው ተነገረ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ2018 በኔቫዳ የዋሾ አውራጃ አስተዳደር ኢቴሪየም በተባለው ሰንሰለት የሚረጋገጥ የጋብቻ ምስክር ወረቀት መስጠት ጀመረ። በ2021 ደግሞ ሁለት ሙሽሮች ከጣታቸው ቀለበት ሌላ በዚሁ ኢቴሪየም ላይ የተጻፈ ቀለበት በስልካቸው ተለዋወጡ። በአገራችንም የትምህርት ሚኒስቴር ካርዳኖ የተባለውን ሰንሰለት ከሚሠራው ኩባንያ ጋራ ተስማምቶ፥ በ3,500 ትምህርት ቤቶች የሚገኙ የ5 ሚሊዮን ተማሪዎችን የትምህርት ማስረጃ በዚህ ዘዴ ለመመዝገብ ማቀዱ በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ተነግሯል። እንግዲህ ነገሩ ከእኛ የራቀ የባሕር ማዶ ጨዋታ ነው ብለን የምንተወው አይደለም።

ምናልባት አንዳንድ ወንድሞቻችን «አዲስ ነገር ነውና ይቅር» ይሉ ይሆናል። እኛ ግን አዲስነቱ ብቻ ያስነቅፈዋል አንልም፤ የማይፋቅ መዝገብ መሻት ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ አይደለምና። አባቶቻችን የርስትና የጉልት ስጦታን፥ ውልንና ኑዛዜን፥ የገዳማትንም ንብረት ዝርዝር ከሁሉ በሚከበረው መጽሐፍ፥ በወንጌል ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይጽፉ ነበር። በሐይቅ እስጢፋኖስ በሚገኘው በ13ኛው ምዕት ዓመት በተጻፈው የአቡነ ኢየሱስ ሞዐ ወንጌል ላይ ለገዳሙ የተሰጡ መጻሕፍት ዝርዝር ሰፍሮ ይገኛል። በእንዲህ ያለው ጽሕፈት ግርጌ የምስክሮቹ ስምና ማዕርግ ይዘረዘራል፤ ከዚያም የሚፍቀውና የሚለውጠው ሁሉ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ እንዲሆን ግዝት ይጻፋል። አባቶች ቀለም ራሱን በራሱ እንደማይጠብቅ ያውቁ ነበርና ሁለት ጠባቂ አቆሙለት፤ አንደኛው የሕያዋን ሰዎች ምስክርነት፥ ሁለተኛው እግዚአብሔርን መፍራት ነው። አዲሱ መዝገብ ምስክሮቹን በኮምፒውተር፥ ግዝቱን በሒሳብ ተካ። ለገንዘብና ለንብረት ነገር ይህ መተካት ብልሃት ነው። ለጋብቻስ ይበቃልን? ጥያቄያችን ይህ ነው።

ወደዚያ ከመድረሳችን በፊት ግን ስለ መዝገብ ጥቅም እውነቱን እንናገር። መዝገብ ለደካማ ጋሻ ነው። በገጠር ስናገለግል፥ ባሏ የሞተባት ሴት ከቀብር በኋላ የባሏ ዘመዶች «ሠራተኛ ነበረች እንጂ ሚስት አልነበረችም» ብለው ከኖረችበት ቤትና ካረሰችው መሬት ሊያወጧት ሲነሡ አይተናል። ወረቀት አልነበራትም። ያዳኗት በሰርጓ ቀን የነበሩ ሁለት ሽማግሎችና ያቈረቧት ካህን ናቸው፤ እነርሱ ባይኖሩ ኖሮ ምን በሆነች? የአገራችን ሕግም ይህን ችግር አይቷል። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፥ አዋጅ ቊጥር 213፥ በክብር መዝገብ ሹም ፊት፥ በሃይማኖት ሥርዓትና በባህል ሥርዓት የሚፈጸመውን ጋብቻ ሦስቱንም ይቀበላል፤ ምስክር ወረቀት ባይገኝ እንኳ ሁለቱ እንደ ባልና ሚስት መኖራቸው፥ ቤተሰብና ጎረቤትም እንዲሁ አድርጎ ማወቁ ማስረጃ እንዲሆን ፈቅዷል። በ2004 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቊጥር 760 ደግሞ ልደት፥ ጋብቻ፥ ፍችና ሞት እንዲመዘገብ አዘዘ፤ ምዝገባውም በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ተጀመረ። እንግዲህ ጋብቻን ማስመዝገብ ለሚስትም ለባልም ለልጆችም የሚጠቅም የፍትሕ ሥራ ነው።

በዚህ ነገር እኛ ካህናት ራሳችንን ልንወቅስ ይገባናል። ሌላው ዓለም መዝገቡ እንዳይጠፋ በብዙ ኮምፒውተር ሲያባዛ፥ በብዙ አጥቢያ የተክሊልና የቍርባን መዝገብ በዕቃ ቤት ጥግ እርጥበት ይበላዋል፤ ገጹ የተቀደደ፥ ቀኑ ያልተጻፈበት፥ የምስክሮቹ ስም የጐደለ ነው። ልጆቻችን ወደ ውጭ የሰንሰለት መዝገብ ሲመለከቱ ከመገሠጻችን በፊት፥ የእኛን መዝገብ አንሥተን አቧራውን እናራግፍ። ወደፊትም ይህ ዘዴ የአጥቢያዎችን የጋብቻና የክርስትና ምስክር ወረቀት ከሐሰተኛ ማኅተም የሚጠብቅ ሆኖ ቢገኝ፥ የሚያስጠላ ነገር የለበትም። ብረት ሰይፍም ማረሻም ይሆናል።

ይሁን እንጂ ማስመዝገብ ሌላ፥ ማሰብ ሌላ ነው። የአርቦዬው ወጣት ጓደኞች የሰጡት ለፍርድ ቤት የሚሆን ማስረጃ አይደለም፤ የፍቅር መታሰቢያ፥ ይኸውም ፍቅሩ ጸንቶ እንዲኖር የሚያደርግ ምልክት ነው። በዚህ ወገን መዝገቡ ሦስት ጕድለት አለበት።

የመጀመሪያው፥ መዝገቡ የተጻፈ መሆኑን ያውቃል እንጂ እውነት መሆኑን አያውቅም። በአገሩ ሚስቱን ደብቆ በባሕር ማዶ ሌላ የሚያገባ ሰው፥ «አንቺን ብቻ» ብሎ ቢያጽፍበት፥ መዝገቡ ሐሰቱን በታማኝነት ይጠብቅለታል። አንዲት ፊደል ሳትጐድል የምትቀመጥ ሐሰት ከሐሰትነቷ አትወጣም። ስለዚህ ቤተ ክርስቲያናችን ከመዝገብ በፊት ምርመራን ታስቀድማለች። የንስሐ አባት ይጠየቃል፤ ዝምድና እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል፤ ሁለቱ በፈቃዳቸው መምጣታቸው ይታወቃል፤ ንስሐ ይገባሉ። ፍትሐ ነገሥትም በ24ኛው አንቀጽ ስለ ጋብቻ ሲናገር፥ ጋብቻ ያለ ካህናት ጸሎትና ቡራኬ እንዳይፈጸም ይደነግጋል። እውነት የሚጸናው ልብ ሲመረመር ነው፤ ልብን የሚመረምር ደግሞ ኮምፒውተር አይደለም።

ሁለተኛው፥ ይህ መዝገብ ለማይተማመኑ ሰዎች የተሠራ ነው። አንባቢ ይያዝልን ያልነው ነገር ይህ ነው። ሁለት ነጋዴዎች የማይተማመኑ ቢሆኑ ውል ይጻፋሉ፤ ውልም እያንዳንዱን ከሌላው ክፋት ይጠብቀዋል። ይህ ነውር የለበትም። ጋብቻ ግን ውል ብቻ አይደለም፤ ኪዳን ነው። በውል ሰው ያለውን ይሰጣል፤ በኪዳን ራሱን ይሰጣል። ውል አንዱ ወገን ባጠፋ ጊዜ ይፈርሳል፤ ኪዳን ግን አንዱ በደከመ ጊዜ ሌላው ተሸክሞ የሚያቆመው ነው። እግዚአብሔር ከሕዝቡ ጋራ ያደረገውን ኪዳን ሕዝቡ ስንት ጊዜ አፈረሱት! እርሱ ግን አልተዋቸውም፤ በነቢዩ በሆሴዕ ትዳር ያሳየንም ይህንኑ ነው። ጋብቻን እርስ በርስ መተማመንን የማይሻ ነገር ለማድረግ መድከም፥ ውኃን ርጥበት የሌለው ለማድረግ እንደ መድከም ነው። ሚስት ባሏን የምታምነው ሊያታልላት የማይችልበት ማሽን ስላለ ከሆነ፥ ያመነችው ማሽኑን ነው እንጂ ባሏን አይደለም።

ሦስተኛውና ለነፍስ የሚከብደው፥ አይፋቅም የሚባለው ነገር ራሱ ነው። በእኛ አገር ሰው ሲፋታ «ሰማንያውን ቀደደ» ይባላል። እኛ የሰማንያ መቀደድን አናመሰግንም፤ እግዚአብሔር ያጣመረውን ሰው እንዳይለየው ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል በ19ኛው ምዕራፍ አስተምሯልና። ነገር ግን በ18 ዓመቷ ተታልላ የገባችበትን ነገር ኋላ በንስሐና በለቅሶ ያለፈችውን ልጅ እናስብ። ያታለላት ሰው ስም ከስሟ ጋራ ተያይዞ፥ የማያውቃት ሁሉ ሊያነበው፥ እርሷ ግን ልትሰርዘው በማትችለው መዝገብ ቢኖር፥ ይህ መታሰቢያ ነውን? ቂም ነው እንጂ። እግዚአብሔር ንስሐ ለገባ ሰው በደሉን እንደሚደመስስ፥ በእኛ ላይ የነበረውንም የዕዳ ጽሕፈት ክርስቶስ በመስቀሉ እንዳጠፋው ሐዋርያው ለቈላስይስ ሰዎች ጽፏል። የእግዚአብሔር ትልቁ ቸርነት የሚፍቅ መሆኑ ነው።

በዚህ ነገር አንድ ድንቅ ምሥጢር አለ። ሕግ በእግዚአብሔር ጣት በድንጋይ ጽላት ላይ ተጽፎ ለሙሴ ተሰጠ። ጌታችን በሥጋ በተገለጠ ጊዜ ግን በጣቱ ሲጽፍ ወንጌል የሚያሳየን በአንድ ስፍራ ብቻ ነው፤ ይኸውም በዮሐንስ ወንጌል በ8ኛው ምዕራፍ፥ በዝሙት የተያዘችውን ሴት ሊወግሩ ባመጧት ጊዜ ነው። የጻፈውም በምድር ትቢያ ላይ ነው። ትቢያን ነፋስ ይወስደዋል፤ የሚሄድም ሰው እግር ያጠፋዋል። ከሳሾቿ የማይፋቅ መዝገብ ይዘው መጥተው ነበር፤ እርሱ ግን በሚፋቅ ነገር ላይ ጻፈ። ለትዳርም ከድንጋዩ የሕግ ጽናት፥ ከትቢያውም የምሕረት ርኅራኄ ያስፈልገዋል፤ አንዱ ቢጐድል ቤት አይቆምም።

ባልና ሚስት ይህን ከኑሯቸው ያውቁታል። በሰርጉ ዕለት አማቷ የተናገረቻትን ክፉ ቃል ከ20 ዓመት በኋላ በየጠቡ የምታነሣ ሚስት፥ በድህነት ዘመን የሰጣትን እያሰላ «እኔ ባልኖር» የሚል ባል፥ ሁለቱም በልባቸው ብሎክቼይን አላቸው፤ ገጹ ሁሉ ከቀደመው ገጽ ጋራ ተያይዟል፤ አንድ በደል ሲነሣ የቀደመው ሁሉ ተስቦ ይመጣል። ሐዋርያው ጳውሎስ ስለ ፍቅር ባስተማረበት ስፍራ ፍቅር የክፋትን ሒሳብ እንደማይይዝ ያሳያል። ትዳር የሚኖረው ብዙ በማስታወስ ብቻ አይደለም፤ ብዙ በመርሳትም ነው። የሚረሳውንና የማይረሳውን መለየት ግን ጥበብ ነው፤ ይህን ጥበብ መዝገብ አያውቀውም፤ ሁሉን እኩል ይጠብቃልና።

«ለዘላለም» የሚለውንም ቃል እንመርምረው። በፍሎሪዳ የተጋቡት ሁለቱ ሞት እስኪለየን የሚለውን የጋብቻ ቃል ከመዝገቡ ዘላለማዊነት ጋራ አያይዘው አስፍረዋል። አንባቢ የነገሩን መጣረስ ያስተውል፤ ጋብቻው በሞት የሚያበቃ ከሆነ፥ መዝገቡ ለዘላለም ቢኖር የሚኖረው የምን መዝገብ ነው? የባዶ ቤት ቁልፍ ነው። ደግሞም መዝገቡ የሚኖረው ኮምፒውተሮቹን የሚያንቀሳቅስ ሰውና የኤሌክትሪክ ኃይል እስካለ ድረስ ነው። ሥዕሉም ብዙ ጊዜ በሰንሰለቱ ላይ አይቀመጥም፤ ሥዕሉ ያለበት ስፍራ አድራሻ ብቻ ይጻፋል፤ ስፍራው ከተዘጋ አድራሻው ይቀራል፥ ሥዕሉ ይጠፋል። በ1980ዎቹ የተጋቡ ብዙ ሰዎች በዚያ ዘመን እጅግ የተደነቀ የቪዲዮ ካሴት በሣጥናቸው አላቸው፤ የሚያጫውተው መሣሪያ ግን ከየቤቱ ጠፍቷል። የሰው እጅ ሥራ ሁሉ እንዲህ ነው። ጌታችን በትንሣኤ ማግባትና መጋባት እንደሌለ ነግሮናል፤ ሐዋርያው ደግሞ ፍቅር ፈጽሞ እንደማይወድቅ መስክሯል። እንግዲህ ከጋብቻ ለዘላለም የሚሻገረው ሰነዱ አይደለም፤ በእርሱ ውስጥ የተለማመድነው ፍቅር ነው እንጂ።

መታሰቢያ ሲበዛ ሸክም እንደሚሆንም ዓለም አይቷል። በፓሪስ ከተማ በሴን ወንዝ ላይ ባለ የእግረኞች ድልድይ፥ ከየአገሩ የሚመጡ ወዳጆች ስማቸውን በጽኑ ቁልፍ ላይ ጽፈው በድልድዩ መከታ ላይ እየቈለፉ መክፈቻውን ወደ ወንዝ ይጥሉ ነበር፤ ፍቅራችን አይከፈትም ሲሉ ነው። ቁልፉ እየበዛ ሄዶ በአውሮፓ አቈጣጠር በ2014 የመከታው ክፍል ወደቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት የከተማው አስተዳደር 45 ቶን ያህል ብረት ነቅሎ አነሣ። ድልድይ የተሠራው ሰው እንዲሻገርበት ነው፤ ትዳርም እንዲሁ። በመታሰቢያ ብዛት የሚጐብጥ ድልድይ አያሻግርም። ከሰርግ በኋላ ለሥዕልና ለቪዲዮ፥ ለድንኳንና ለድግስ በተወሰደ ብድር የጐበጠ ጎጆ በአሰላም በአዲስ አበባም አለ፤ ይህን ለማስረዳት ፓሪስ ድረስ መሄድ አያስፈልግም።

እንግዲህ የጋብቻ መታሰቢያ በምን ይጸናል? ቤተ ክርስቲያናችን ማሰብ ምን እንደ ሆነ በዝክርና በተዝካር አስተምራናለች። የሞተውን ሰው ስናስብ ስሙን ጽፈን በሳጥን አንቈልፍበትም፤ በቅዳሴ ስሙን እንጠራለን፥ የተራበውን እናበላለን። ቅዱሳንን ስናስብ በየወሩ ጠላና ዳቦ አዘጋጅተን ማኅበርተኛውንና ነዳያንን እንጠራለን። ለእኛ መታሰቢያ ማለት የሚቀመጥ ነገር ሳይሆን የሚደረግ ነገር ነው፤ ካልተደረገ የለም። ከሁሉ የሚበልጠው መታሰቢያ ቅዱስ ቍርባንም ጌታችን ለመታሰቢያዬ አድርጉት ብሎ ያዘዘው ነው እንጂ መዝግባችሁ አኑሩት ብሎ የተወው አይደለም።

የአርሲ ኦሮሞ ሕዝብም በጥንት ባህሉ ይህን የሚመስል ጥበብ አለው። ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ የተባለውን ቀጭን በትር ትሰጣታለች፤ እርሷም በቤቷ አክብራ ታኖረዋለች። ሲንቄ የጋብቻዋ ምልክት ነው፤ ነገር ግን ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚቀር ምልክት አይደለም። ሚስት ብትመታ ወይም ክብሯ ቢደፈር፥ የአካባቢው ባለትዳር ሴቶች እያንዳንዳቸው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ በደሉ እስኪታይ፥ ካሣውና ዕርቁ እስኪፈጸም ድረስም ወደ ቤታቸው አይመለሱም። በትሩ ራሱ እንጨት ነው፤ ኃይሉ ተነሥተው በሚወጡት ሴቶች ዘንድ ነው። ምልክት ሕያዋን ሰዎችን ለሥራ የሚያስነሣ ከሆነ መታሰቢያ ይባላል፤ ያለዚያ ዕቃ ነው።

የአርቦዬው ሽማግሌ ጥያቄም የሚያርፈው በዚህ ላይ ነው። የተጣሉ ለት የሚያስታርቃቸው ማን ነው? በሰርጉ ቀን ዋስ የሆነው ሽማግሌ ነው። ሙሽራውን አጅቦ ወንድም የሆነው ሚዜ ነው። ሌሊት በሩ ቢንኳኳ የሚነሣው የንስሐ አባት ነው። ይህ የሰው ሰንሰለት ነው፤ አንዱ ቀለበት ከሌላው ጋራ የተያያዘው በሒሳብ ሳይሆን በአደራ ነው። የእርሳቸው የሰማንያ ወረቀት በዝናብ ጠፍቷል፤ ትዳራቸው ግን ከ40 ዓመት በላይ ቆሟል፤ ምክንያቱም የተጻፈው በሳጥኑ ውስጥ ብቻ አልነበረም።

በዚህ ላይ ወጣቱ ሊመልስልን የሚችለው እውነተኛ ነገር አለ፤ እርሱን ሳንሰማ ብንቀር ፍርዳችን የተዛባ ይሆናል። «እናንተ ሽማግሌና ጎረቤት አላችሁ፤ እኔ በምኖርበት አገር ጎረቤቴ ስሜን አያውቅም፤ ሚዜዎቼ በአራት አገር ተበትነዋል፤ ሁሉ በሚያልፍበት ከተማ አንድ የማያልፍ ነገር ብመኝ ይፈረድብኛልን?» ቢለን፥ አይፈረድብህም እንላለን። ብዙ ልጆቻችን ወደ ማይፋቅ መዝገብ የሚሸሹት ከትዕቢት ሳይሆን ከብቸኝነት ነው፤ የሚያውቃቸው ሰው ቢያጡ የሚያውቃቸውን መዝገብ ፈለጉ። እንግዲህ ዕዳው የእኛ ነው። አጋብቶ መሸኘት ብቻ የካህን ሥራ አይደለም። የንስሐ አባት የዳራቸውን ልጆች በዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ይጠይቅ፤ ስልክ የገንዘብ መላኪያ ብቻ እንዳይሆን፥ ሽማግሌዎች የዕርቅ መንገድ ያድርጉት፤ በውጭ አገር ያሉ አጥቢያዎችም ለአዲስ ተጋቢዎች በትዳር የጸኑ ወላጆችን ይመድቡላቸው። ይህን ካደረግን ልጆቻችን ወደ ኮምፒውተር የሚሸሹበት ምክንያት ይቀንሳል።

ለወጣቱም የሰጠነው ምክር ይህ ነው። የጓደኞችህን ስጦታ አትጥላው፤ በፍቅር የተሰጠ ነውና፤ ነገር ግን ከስጦታነት አታሳልፈው። ጋብቻህን አስቀድመህ በቤተ ክርስቲያን መዝገብ፥ ከዚያም በወሳኝ ኩነት መዝገብ አስጽፍ፤ ይህ ለሚስትህና ለሚወለዱት ልጆች ዕዳህ ነው። ሁሉ በሚያነበው መዝገብ ላይ ሚስትህ ሳትፈቅድ ምንም አታስጽፍ፤ ስሟ የአንተ ንብረት አይደለምና። በመካከላችሁ ያለውን የቤት ምሥጢር ደግሞ ለዘላለም በአደባባይ አትስቀለው። ቀለበት ካደረጋችሁበት ቀን ጋራ የሚውለውን ቅዱስ ዝክር በየዓመቱ አብራችሁ ዘክሩ፤ በዚያም ቀን አንድ የተራበ ሰው ከማዕዳችሁ ይብላ። በዚያው ቀን ማታ ደግሞ ዓመቱን ሙሉ እርስ በርሳችሁ የተቋጠራችሁትን ፍቱ፤ የሚፋቀውን ፍቁ። እንዲህ ያደረጋችሁ እንደ ሆነ በየዓመቱ አዲስ ገጽ ይጻፍላችኋል፤ ማኅተሙም ምሕረት ይሆናል።

ወጣቱ ይህን ለአባቱ እንዳነበበላቸው ነግሮናል። እርሳቸውም ሰምተው ሲያበቁ ስለ ኮምፒውተሩ ምንም አልተናገሩም፤ «ሽማግሌ የሚሆናችሁን ሰው በዚያ አገር ፈልጋችሁ አግኙ» ብቻ አሉት። እኛም ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ የለንም። ተክሊሉን የሚያጸና፥ ሁለቱን አንድ ሥጋ ያደረገ አምላክ ትዳራችንን በምሕረቱ ይጠብቅልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።